ሊብሪሽ እና የፑሽካሽ ቁርጭምጭሚት

ሰሞኑን በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ስለ ቨርነር ሊብሪሽ ነው፤ በ1954 ምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታነሳ መሃል ተከላካይ ስለነበረው ሰው። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ ይህን አልክድም። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ሳይጨረስ የሚቀመጥ ጽሑፍ አይደለም። እኔን ያስቆጣኝም ይኸው ነው፤ ወጡ ጣፍጦ ሳለ ሥጋው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ክሱ ባጭሩ ይህ ነው። ሊብሪሽ ማንም የማያውቀው፣ ኳስ ከመምታት ይልቅ ሰው መምታት የሚቀናው ተጫዋች ነበር። አሰልጣኙ ዜፕ ሄርበርገር በምድቡ ጨዋታ ተጠባባቂዎቹን ብቻ አሰልፎ፣ ሊብሪሽን የሃንጋሪውን አምበል ፈረንክ ፑሽካሽን እንዲሰብር ላከው። እርሱም የታዘዘውን ፈጸመ። ሃንጋሪ ዋንጫውን ያጣችው በፍጻሜው ሜዳ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያች ርግጫ ነው። ጽሑፉ በመሃል ስለ አበረታች መድኃኒት አንድ መስመር ጣል ያደርጋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሊብሪሽ ዕድሜ ልኩን የዚያን ዋንጫ ፍሬ ሲበላ እንደኖረ፣ ሃንጋሪዎችም የከተማውን የካይዘርስላውተርንን ስም መስማት እንደማይወዱ ይነግረናል።

እኔ የጀርመን ደጋፊ አይደለሁም። የዚያን ዘመን ቡድን ምረጥ ብባል ዓይኔን ሳላሽ ሃንጋሪን እመርጣለሁ። ነገር ግን በወጣትነቴ በሰፈር ሜዳ መሃል ተከላካይ ነበርኩ። አጥቂ ሲወድቅ ተመልካቹ ገና ሳያይ ጣቱን ወደ ማን እንደሚቀስር አውቃለሁ። ስለዚህ ወገንተኛ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ የተከላካዮች ወገን ነኝ።

«ማንም የማያውቀው» ከሚለው ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። ሊብሪሽ በጃንዋሪ 1927 በካይዘርስላውተርን ተወለደ፤ በማርች 1995 ያረፈውም እዚያው ነው። ከከተማው ክለብ ሌላ ክለብ አያውቅም፤ ጫማውን እስከሰቀለበት እስከ 1962 ድረስ አንድ ማሊያ ለብሶ ኖረ። ያ ክለብ ደግሞ የመንደር ቡድን አልነበረም። በ1951 በርሊን ላይ ፕሮይሰን ሙንስተርን 2 ለ 1፣ በ1953 እዚያው በርሊን ሽቱትጋርትን 4 ለ 1 አሸንፎ የጀርመን ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 እና በ1955ም ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። በአምስት ዓመት አራት ጊዜ ለአገሩ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን የመሃል ተከላካይ «ማንም የማያውቀው» ከተባለ፣ ያ «ማንም» ማን እንደሆነ ቢነገረን ደስ ይለኛል። ለብሔራዊ ቡድኑም ከ1951 እስከ 1956 ባለው ጊዜ 16 ጨዋታ ተጫውቷል።

በዚያን ጊዜ ጀርመናውያን ራሳቸው ሄርበርገርን የከሰሱት በተቃራኒው ነበር። የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሜይ 1954፣ ካይዘርስላውተርን በሃምቡርግ በተደረገው የሻምፒዮናው ፍጻሜ በሃኖቨር 96 5 ለ 1 ተቀጥቅጦ ነበር። «እነዚህን የተሰበሩ ሰዎች ይዘህ ወደ ስዊዘርላንድ እንዳትሄድ» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሄርበርገር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አምስቱን ወሰደ፤ ወንድማማቾቹን ፍሪትስ እና ኦትማር ቫልተርን፣ ሆርስት ኤክልን፣ ቨርነር ኮልማየርን እና ሊብሪሽን። አምስቱም በፍጻሜው ቀን ሜዳ ላይ ነበሩ። የዚያን ዘመን ተቺ የጠየቀው «ይህ ሊብሪሽ ማን ነው?» ብሎ ሳይሆን «አሁንም ሊብሪሽ?» ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ባዝል እንሂድ፤ ጁን 20 ቀን 1954። ሃንጋሪ 8፣ ምዕራብ ጀርመን 3።

ጽሑፉ «የተጠባባቂዎች ቡድን» ይላል። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ሄርበርገር በእርግጥ ቡድኑን ለውጧል። ግብ ጠባቂው ቶኒ ቱሬክ ዐርፎ የዶርትሙንዱ ሃይንትስ ክቪያትኮቭስኪ ገባ፤ ሞርሎክ፣ ሼፈር፣ ኦትማር ቫልተር እና ማይ አልተሰለፉም። ነገር ግን በዚያ ቀን 8 ጎል ከተቆጠረበት ቡድን ውስጥ ስድስቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፍጻሜው ተሰልፈዋል፤ ፖዚፓል፣ ኮልማየር፣ ኤክል፣ ሊብሪሽ፣ ራን እና አምበሉ ፍሪትስ ቫልተር። አሰልጣኙ ጨዋታውን ለሰባሪ የተዘጋጀ ወጥመድ አድርጎት ቢሆን ኖሮ፣ የቡድኑን ልብ የሆነውን የ33 ዓመቱን ቫልተርን እዚያ ውስጥ ምን ሊሠራ አስገባው? (ዩፕ ፖዚፓል በዚያ ቀን 27ኛ ዓመቱን ደፍኖ ነበር። ከዚህ የባሰ የልደት ስጦታ የተቀበለ ተከላካይ እንጃ።)

ቡድኑን የለወጠበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም፤ በውድድሩ ደንብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዋንጫ በየምድቡ ሁለት ቡድኖች ጠንካራ ተብለው አስቀድሞ በማዕረግ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱ ባለማዕረጎች እርስ በርስ አይገናኙም፤ ሁለቱ የቀሩትም እንዲሁ። በጀርመን ምድብ ባለማዕረጎቹ ሃንጋሪ እና ቱርክ ነበሩ። በነጥብ እኩል የሆኑ ቡድኖች የሚለዩት በጎል ልዩነት ሳይሆን በተጨማሪ ጨዋታ ነው። ጀርመን ቱርክን 4 ለ 1 አሸንፋለች፤ ቱርክ ደቡብ ኮሪያን እንደምታሸንፍ ሁሉም ያውቀዋል፤ 7 ለ 0 አሸነፈችም። ስለዚህ ጀርመን በሃንጋሪ 1 ለ 0 ተሸነፈችም 8 ለ 3 ተሸነፈችም፣ የሚጠብቃት ያው ከቱርክ ጋር የሚደረግ ተጨማሪ ጨዋታ ነው። እርሱም በሦስተኛው ቀን ነው። ሄርበርገር እግሮችን ቆጠበ፤ በጁን 23 ዙሪክ ላይ ቱርክን 7 ለ 2 አሸነፈ። ይህ ሰባሪ መላክ አይባልም። ደንብ ማንበብ ነው የሚባለው።

ወደ ርግጫዋ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ግን ራሴን ማታለል አልፈልግም። ጨዋታው ከተጀመረ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ሊብሪሽ ፑሽካሽን ከኋላ መታው። የሃንጋሪው አምበል ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ። ጥፋት ነበር፤ በዛሬ ዳኝነት ቢሆን ከሜዳ የሚያስወጣ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ፑሽካሽ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሊብሪሽ ደግሞ ሆን ብዬ አላደረግሁትም ብሏል። ከሁለቱ ማንኛው ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ የሰውየውን ልብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ያንን የጽሑፉ ጸሐፊም እኔም አንችልም። የጨዋታው ዳኛ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊንግ ነበር፤ ተከላካዩን አላስወጣውም። ኋላ የፍጻሜውን ጨዋታ የዳኘውም ይኸው ሰው ነው።

ጽሑፉ ግን በርግጫዋ አይበቃውም፤ ትዕዛዝ ይፈልጋል። «ሄርበርገር አዘዘው» ይላል። ማስረጃ? የለም። ማስረጃውን ተውነው እንበል፤ ስሌቱስ? በጁን 20 ሄርበርገር ከሃንጋሪ ጋር ዳግመኛ ለመገናኘት መጀመሪያ ቱርክን፣ ቀጥሎ በሩብ ፍጻሜ ዩጎዝላቪያን፣ ቀጥሎ በግማሽ ፍጻሜ ኦስትሪያን ማሸነፍ ነበረበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እነማን እንደሚሆኑ እንኳ ገና አልታወቀም። በዚያ ላይ ሃንጋሪም በበኩሏ ብራዚልን እና ኡራጓይን ማለፍ አለባት። ይህን ሁሉ ከባዝል ሆኖ አይቶ፣ ለጁላይ 4ቱ ፍጻሜ የሚጠቅም ቁርጭምጭሚት በጁን 20 ያሰበረ አሰልጣኝ ካለ፣ እርሱን አሰልጣኝ ብሎ መጥራት ማሳነስ ነው፤ ባለራእይ ይባል።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። ፑሽካሽ ሲጎዳ ውጤቱ 5 ለ 1 ነበር። ሰባሪ ተልኮ ከሆነ አምስት ጎል እስኪገባ ምን ይጠብቅ ነበር? እኔ ከሰፈር ሜዳ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። በአምስት ጎል የተቀጣ ተከላካይ እግሩ ይዘገያል። አእምሮው «ደረስኩ» ይለዋል፤ እግሩ ግን ኳሱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። እኔም እንዲህ መትቼ አውቃለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ማንንም ልሰብር አላሰብኩም፤ ያፈርኩበት ግን ነው። ሊብሪሽ እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። ከሴራው ይልቅ ይህ ለሜዳ ሕይወት የቀረበ ነው እላለሁ እንጂ።

ከዚህ በኋላ የክሱ ምሰሶ ይመጣል፤ «ዋንጫው በዚያች ርግጫ ተሸጠ»። እስቲ ይህን ምሰሶ በእጃችን ነካ እናድርገው።

በ1954 ተቀያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ፑሽካሽ ሲወጣ ሃንጋሪ በ10 ሰው ቀረች። በ10 ሰው ሆና ምን አደረገች? 3 ጎል ጨመረች፤ ሻንዶር ኮቺሽ ብቻውን በዚያ ቀን አራት አስቆጠረ። በጁን 27 በርን ላይ ብራዚልን ያለ ፑሽካሽ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ሦስት ተጫዋቾች ከሜዳ የተባረሩበት፣ ጠቡ እስከ መልበሻ ክፍል የዘለቀበት ጨዋታ ነበር። በጁን 30 ሎዛን ላይ የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ኡራጓይን፣ አሁንም ያለ ፑሽካሽ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ያለ አምበሉ የደቡብ አሜሪካን ሁለት ታላላቅ ቡድኖች የጣለ ቡድን «ያለ ፑሽካሽ ባዶ ነው» ሲባል የሚሰደቡት እኮ ራሳቸው ሃንጋሪዎቹ ናቸው! ኮቺሽ፣ ሂዴግኩቲ፣ ቺቦር፣ ቦዚክ ለጌጥ የቆሙ አልነበሩም።

በፍጻሜው ደግሞ ፑሽካሽ ነበር። ጽሑፉ ይህን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ለምን እንደሚያልፈው ይገባኛል። በ6ኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ማን ሆነና? ፑሽካሽ። በ8ኛው ቺቦር ሁለተኛውን ጨመረ። በጨዋታው ማብቂያ ላይ፣ ራን 3 ለ 2 ካደረገ በኋላ፣ ኳሷን መረብ ውስጥ ከትቶ ከጨዋታ ውጪ ነህ የተባለውስ? እርሱም ፑሽካሽ ነው። የዌልሱ የመስመር ዳኛ ባንዲራውን ባያነሣ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው፤ ሃንጋሪዎች ስለ ፍጻሜው የሚቆጩበት ነገር ከተፈለገ ከሊብሪሽ እግር ይልቅ እዚያ ይገኛል።

ሙሉ ጤነኛ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን ያልዳነን አምበል የማሰለፍ ውሳኔ የጉስታቭ ሼቤሽ ውሳኔ ነው፤ የሃንጋሪው አሰልጣኝ። ኡራጓይን ካሸነፈው ቡድን ላይ ክንፎቹንም ነካክቷል፤ ቺቦርን ወደ ቀኝ አዛወረ፣ ቡዳይን አስቀምጦ ቶትን በግራ አስገባ። በዚያ ላይ ቡድኑ ሁለት አጥንት የሚያደቅቁ ጨዋታዎችን፣ አንዱን እስከ 120ኛው ደቂቃ፣ ተጫውቶ ነው የመጣው። በዚያ ላይ ዝናቡ። ፍሪትስ ቫልተር ዝናብ ይወዳል፤ በጦርነቱ ወባ ይዞት ስለነበር ሙቀት ያደክመው ነበር። ጫማ ሠሪው አዲ ዳስለርም ብሎኖቻቸው በረጃጅም ሊቀየሩ የሚችሉ ጫማዎችን ይዞ ቀርቧል። በዚያ ላይ የሂዴግኩቲ ኳስ ቋሚውን፣ የኮቺሽ ደግሞ አግዳሚውን መታ። በዚያ ላይ ቱሬክ። ይህን ሁሉ ጠርጎ በአንድ ርግጫ ላይ መጫን ታሪክ አይባልም፤ ቀማኛ ፍለጋ ነው።

«ሰው ከመምታት በቀር ጨዋታ አያውቅም» የሚለው ደግሞ እኔን በግል የሚነካኝ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

በዚያ ዘመን ደብልዩ ኤም በሚባለው አሰላለፍ ሦስት ተከላካዮች ነበሩ፤ መሃል ላይ የሚቆመው፣ የእኛ አገር የቀድሞ ተጫዋቾች ስቶፐር የሚሉት፣ የተጋጣሚውን መሃል አጥቂ ይይዛል። ሥራው ግልጽ ነበር፤ አጥቂው ፊትህ ነው፤ አንተ ኋላው ነህ። ሃንጋሪዎች ይህን አፈረሱት። ናንዶር ሂዴግኩቲ የአጥቂ ቁጥር ለብሶ ወደ ኋላ ወደ አማካዮቹ ይወርዳል። ስቶፐሩ ከተከተለው መሃሉ ክፍት ይሆናል፤ ፑሽካሽ እና ኮቺሽ ይገቡበታል። ካልተከተለው ሂዴግኩቲ ብቻውን ጨዋታውን ይሠራል። በኖቬምበር 1953 ዌምብሌይ ላይ የእንግሊዙ ስቶፐር ሃሪ ጆንስተን ልከተል ወይስ ልቁም ሲል ሂዴግኩቲ ሦስት አገባበት፤ እንግሊዝ 6 ለ 3 ተሸነፈች። በሜይ 1954 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ 7 ለ 1። በባዝል የሊብሪሽም ዕጣ ይኸው ነበር፤ 8 ጎል። ያን ቀን መልካም ተጫወተ የሚል ክርክር የለኝም።

ግን ተማረ። ቡድኑም ተማረ። በፍጻሜው ሂዴግኩቲን የመከተል ሥራ ለሯጩ ለኤክል ተሰጠ፤ ካርል ማይ ከኮቺሽ ጋር ተጣበቀ፤ ሊብሪሽ መሃሉን ሳይለቅ ፑሽካሽን ጠበቀ። ኮቺሽ በዚያ ውድድር 11 ጎል ያስቆጠረ ሰው ነው፤ በፍጻሜው አንድም አላገባም። ሊብሪሽ በሩብ ፍጻሜው ወደ መሃል ከተመለሰ ወዲህ ያሉትን ሦስት ጨዋታዎች ደምሩ። ዩጎዝላቪያ 0። ኦስትሪያ 1፤ ያችው ኦስትሪያ ከአራት ቀን በፊት ስዊዘርላንድ ላይ 7 ጎል ያስቆጠረች ናት። ሃንጋሪ 2፤ ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች። ከዚያ ወዲያ 82 ደቂቃ ሙሉ የዓለም ኃያሉ የማጥቃት ኃይል አንድም የጸደቀ ጎል አላገኘም። የሊብሪሽ ብቻ ሥራ ነው አልልም፤ ኮልማየር ከግቡ መስመር ላይ ኳስ ሲያወጣ ነበር፤ ቱሬክም ሰው አይደለም አስብሏል። ነገር ግን መምታት ብቻ የሚያውቅ ስቶፐር መሃል ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ቁጥር አይገኝም። መምታት ብቻ ቢያውቅ ጀርመኖች በቅጣት ምት ብቻ ያልቁ ነበር።

ስለ አበረታች መድኃኒቱ በአጭሩ። ተጫዋቾቹ መርፌ መወጋታቸው እውነት ነው፤ የቡድኑ ሐኪም ቪታሚን ሲ ነበር ብሏል፤ ኋላ አንዳንዶቹ በጉበት በሽታ ታመዋል፤ በጀርመን ራሷ የተደረገ ምርመራም ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ጥርጣሬውን ጽፏል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ጽሑፉ የጠቀሰው፣ ጀርመኖች አበረታች መድኃኒት ወስደዋል የሚለው የፑሽካሽ ክስም የኋላ ታሪክ አለው። በዚያ ክስ ምክንያት የጀርመን ፌዴሬሽን ቡድኖቹ ፑሽካሽ ካለበት ቡድን ጋር እንዳይጫወቱ አግዶ ነበር፤ በ1960 አይንትራኽት ፍራንክፈርት ከሪያል ማድሪድ ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ፑሽካሽ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋታ ለመጫወት ሲባል የተጻፈ ይቅርታ ስለሆነ እኔ እንደ እምነት ቃል አልቆጥረውም፤ ክሱንም እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። ግላስጎው ላይ ግን አራት ጎል አግብቶባቸዋል፤ 7 ለ 3። የፑሽካሽ እውነተኛ መልስ ያ ይመስለኛል።

የቀረው የሀብቱ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ጀርመን ቡንደስሊጋ የሚባል አልነበራትም፤ እርሱ የተጀመረው በ1963፣ ሊብሪሽ ካቆመ በኋላ ነው። ተጫዋቾቹ ውል ነበራቸው፤ ከ1948 ጀምሮ የተፈቀደው የወር ክፍያ ግን 320 ማርክ ነበር፤ ሌላ ሥራ መያዝም የተለመደ ነው። ሊብሪሽ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ደብዳቤ ሲያስተናግድ! «የዋንጫውን ፍሬ በላ» የተባለው ይህ ነው። ከጎኑ የተሰለፈው ኮልማየርማ የከፋ ነገር ደርሶበታል፤ በመጠጥ ተጎድቶ፣ ቤተሰቡንም አጥቶ፣ በ1974 ገና 50 ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ቡድን የመጀመሪያው ሟች እርሱ ነው። ጀርመን ዳግመኛ የዓለም ዋንጫ ያነሣችው በዚያው ዓመት ነበር።

ሃንጋሪዎች የዚያን ከተማ ስም መስማት አይወዱም ስለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በ1965 መጀመሪያ ካይዘርስላውተርን በቡንደስሊጋው ላለመውረድ ሲፍጨረጨር አሰልጣኙ ተሰናበተና ሊብሪሽ ቡድኑን እስከ ውድድር ዓመቱ ማብቂያ እንዲይዝ ተጠራ። ቡድኑ አልወረደም። ሊብሪሽም ወንበሩን ለተተኪው ለቀቀ። ተተኪው ጁላ ሎራንት ይባላል፤ በ1954 በባዝልም በበርኑ ፍጻሜም ከሊብሪሽ ማዶ የቆመው፣ የሃንጋሪው መሃል ተከላካይ።